የጥርስ ሕክምና ረዳትነት በአሜሪካ፦ ክፍያው ከየት ይጀምራል፣ እስከ የትስ ያደርሳል?

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከመኪና ማቆሚያ፣ ከሆቴል ወይም ከታክሲ ሥራ ለመውጣት ሲያስብ ወዳጅ ዘመድ ከሚለግሰው ምክር አንዱ «የጥርስ ረዳትነት ተማር፤ በሦስት ወር ትጨርሳለህ» የሚል ነው። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። እውነት ነው፣ ሥራው ቶሎ ይገኛል፤ የሌሊት ተራ የለበትም፤ እሑድ በአብዛኛው ዝግ ነው። ያልተነገረው ግማሽ የክፍያው ነገር ነው። በዚህ ሙያ ደመወዝ በቆይታ ብቻ እምብዛም አያድግም። የሚያድገው ሕጉ በእጅዎ እንዲሠሩ የሚፈቅድልዎ ነገር ሲበዛ ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ አሥር ዓመት የቆየች ረዳት፣ ተጨማሪ ፈቃድ ይዛ ትናንት ከተቀጠረች ልጅ ያነሰ ልትቀበል ትችላለች። ይህን ከመጀመሪያው ያወቀ ሰው ትምህርቱንም ሆነ የመጀመሪያ ሥራውን የሚመርጠው በሌላ ዓይን ነው።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የሥራ ፈቃድ ላለውና ሁለተኛ ደረጃን ላጠናቀቀ ሰው የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹን በብዛት የወሰድኩት ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ነው።

1. ከመመዝገብዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለግንቦት 2023 ባወጣው አኃዝ መሠረት ከአገሪቱ የጥርስ ሕክምና ረዳቶች ግማሾቹ በዓመት ከ46,540 ዶላር በላይ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከዚያ በታች አግኝተዋል። በሰዓት ሲሰላ 22 ዶላር ከ38 ሳንቲም ገደማ ነው። ይኸው ቢሮ ከ2023 እስከ 2033 ባለው ጊዜ የሥራው መጠን በ8 በመቶ እንደሚያድግ ተንብዮአል፤ ይህም ከሌሎች ሙያዎች አማካይ የፈጠነ ነው። ሥራ አጥቶ መቀመጥ እንግዲህ የዚህ ሙያ ዋና ሥጋት አይደለም።

ችግሩ ያለው የዓመቱ አኃዝ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት እንደተሠራ ታስቦ የተሰላ መሆኑ ላይ ነው። ብዙ የጥርስ ክሊኒኮች በሳምንት አራት ቀን ብቻ ይከፈታሉ፤ ዓርብ ዝግ የሆነ ክሊኒክ ማግኘት አያስቸግርም። በሰዓት 22 ዶላር የሚከፈለው ሰው 40 ሰዓት ከሠራ በዓመት 45,760 ዶላር ያገኛል። 32 ሰዓት ከሠራ ግን 36,608 ዶላር ነው። የሰዓቱ ዋጋ አንድ ሆኖ የዓመቱ ገቢ ከ9,000 ዶላር በላይ ይለያያል። በዚያ ላይ ሐኪሙ ለዕረፍት ሲሄድ ክሊኒኩ ይዘጋል፤ በሽተኛ ሲቀር «ዛሬ ቀደም ብለሽ ሂጂ» ይባላል። የሄደው ሰዓት አይከፈልም።

ሌላው ማነጻጸሪያ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ነው። በሐምሌ 2025 የዲሲ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሆነ። በዚያን ጊዜ በከተማዋ ለጀማሪ ረዳት 18 ዶላር ያቀረበ ክሊኒክ እንግዲህ ለሙያው የጨመረው አምስት ሳንቲም ነበር። ሒሳቡን ከቤት ኪራይና ከመጓጓዣ ጋር አስተያይተው፣ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ዓመታት በዚህ ገቢ መዝለቅ ይችሉ እንደሆነ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ማታ ወይም ቅዳሜ ሌላ ሥራ የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

2. ሥራውን በዓይንዎ ይዩ

ረዳቷ ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት ወንበሩን ታጸዳለች፣ መሣሪያዎቹን በተራቸው ትደረድራለች፣ የጥርስ ራጅ ታነሣለች። ሕክምናው ሲጀመር ከሐኪሙ ትይዩ ተቀምጣ ምራቅና ውኃ በቱቦ ትስባለች፣ መሣሪያ ታቀብላለች፣ የሙሌቱን ቁሳቁስ ታዘጋጃለች። ሲያልቅ መሣሪያዎቹን ታጥባ፣ አሽጋ፣ ኦቶክሌቭ ወደሚባለው በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን ታስገባለች። ከዚያ ቀጣዩ ይገባል። ደሙና የአፍ ጠረኑ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። የማይለመደው አንገትና ወገብ ጎንበስ ብሎ መዋሉ ነው፤ በሙያው የቆዩ ሰዎች በብዛት የሚያማርሩት ይህንኑ ነው።

የራስዎን የጥርስ ሐኪም «አንድ ቀን ቆሜ ልመልከት?» ብለው ይጠይቁ። ብዙዎች ይፈቅዳሉ፤ ለዚህ አንድ ቀን መስጠት ለትምህርት ቤት ሦስትና አራት ሺህ ዶላር ከፍሎ ከመጸጸት ይቀላል።

3. የሚሠሩበትን ግዛት ሕግ ይለዩ

በአሜሪካ አንድ ወጥ የረዳትነት ፈቃድ የለም። እያንዳንዱ ግዛት በራሱ የጥርስ ሕክምና ቦርድ ይተዳደራል፤ ቨርጂኒያን ከዲሲና ከሜሪላንድ የሚለየውን የፖቶማክን ወንዝ መሻገር ብቻ ወረቀትዎን ይቀይረዋል።

በቨርጂኒያ ረዳቶች በሁለት ደረጃ ይከፈላሉ። አንደኛው ደረጃ ላይ ለመሥራት በቦርዱ መመዝገብ አያስፈልግም፤ ራጅ ለማንሣት ግን የጨረር ደኅንነት ሥልጠናና ፈተና ግዴታ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው አገር አቀፍ የምስክር ወረቀት ይዞ፣ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ በቦርዱ የተመዘገበ ሰው ነው። እርሱ ሐኪሙ ጥርሱን ቦርቡሮ ካዘጋጀ በኋላ ሙሌቱን ራሱ መሙላት ይችላል። ይህ ለክሊኒኩ ምን ማለት እንደሆነ ልብ ይበሉ፦ ሐኪሙ ተነሥቶ ወደ ሌላው ክፍል ይሄዳል፤ በአንድ ሰዓት ሁለት በሽተኛ ይታከማል። ደመወዝ እንዲጨመር የሚያደርገው ይህ ነው እንጂ ትጋት ብቻ አይደለም።

በሜሪላንድ ራጅ የሚያነሣ ረዳት ከግዛቱ የጥርስ ሕክምና ፈታኞች ቦርድ የጥርስ ጨረር ቴክኖሎጂስትነት የምስክር ወረቀት ሊኖረው ግድ ነው። ቦርዱ ያጸደቀው ኮርስና ፈተና አለው። ያለዚህ ወረቀት ራጅ እንዲያነሡ የሚጠይቅ አሠሪ ቢያጋጥምዎ እምቢ ይበሉ፤ ጥፋቱ የእርስዎም ነው፣ ወደፊት ፈቃድ ሲጠይቁም ይከተልዎታል። በሜሪላንድ ከዚህ ቀጥሎ ያለው እርከን የተስፋፋ ተግባር ያለው ረዳትነት፣ ማለትም በበሽተኛው አፍ ውስጥ ተጨማሪ ሥራዎችን ለመሥራት የሚያስችለው ሲሆን፣ ለጠቅላላ ሕክምናና ለጥርስ ማስተካከል ለየብቻ ይሰጣል። ዲሲ ደግሞ ረዳቶችን በቦርዷ ትመዘግባለች፤ ሳይመዘገቡ መሥራት አይቻልም።

ከዚህ አካባቢ ውጭ ላላችሁም ነገሩ ያው ነው። በዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትልን ጨምሮ፣ ረዳት ለመሆን በጤና መምሪያው መመዝገብ ያስፈልጋል። በሚኒሶታ ሙሉ የረዳትነት ፈቃድ የሚሰጠው ተምሮ ለተፈተነ ሰው ሲሆን፣ የግዛቱ የረዳቶች ክፍያ በአገሪቱ ካሉት ከፍተኛዎቹ መካከል መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ፈቃድ የሚጠይቅ ግዛት ለመግባት ይከብዳል፤ ከገቡ በኋላ ግን ይከፍላል።

የቦርዱን መስፈርት ከጓደኛ ሳይሆን ከራሱ ከቦርዱ ድረ ገጽ ያንብቡ። ሕጉ በየጊዜው ይሻሻላል፤ ከአምስት ዓመት በፊት የተቀጠረ ሰው የሚያውቀው የዚያን ጊዜውን ነው።

4. ትምህርት ቤት ይምረጡ

ሦስት በር አለ። አንደኛው ያለ ትምህርት ገብቶ በሥራ ላይ መማር ነው። ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ ይህን የሚያደርጉ ክሊኒኮች አሉ፤ ክፍያው ዝቅ ይላል፣ ግን ዕዳ የለበትም። ሁለተኛው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ የግል ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛው በጥርስ ሕክምና ትምህርት ዕውቅና ኮሚሽን የታወቀ ፕሮግራም ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይሰጣል፤ አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ኮሚሽኑ ቢያንስ 900 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ 300ው በክሊኒክ የሚሠራ ልምምድ ነው።

ስለ አጭሩ ኮርስ አንድ ነገር ልበል። ማስታወቂያቸው «ሥራ እናስገባለን» ይላል፤ የሚሰጡት የምስክር ወረቀት ግን የትምህርት ቤቱ ብቻ ነው፤ የቦርድ ፈቃድም አይደለም፣ አገር አቀፍ የምስክር ወረቀትም አይደለም። ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ኮርሱ የራጅ ፈተናውን ያካትታል ወይ? የልምምዱ ሰዓት ስንት ነው፣ የት ክሊኒክ? ካቋረጥኩ ምን ያህል ይመለስልኛል? መልሱን በጽሑፍ የማይሰጥ ትምህርት ቤት ገንዘብዎን አይገባውም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚመርጥ ደግሞ ትልቁ ጉዳይ የነዋሪነት ዋጋ ነው። በቨርጂኒያ በነዋሪ ዋጋ ለመማር በአጠቃላይ አንድ ዓመት በግዛቱ መኖርና ይህንኑ በመንጃ ፈቃድ፣ በግብር ወረቀትና በመሳሰለው ማሳየት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከት ይችላል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ ፔል ግራንት የተባለውን የማይመለስ ድጋፍ ካገኘ፣ አንድ ዓመት መማሩ ከአጭሩ ኮርስ ረክሶ ሊያርፍ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያሰላ «ረጅሙ ውድ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዎ ከኢትዮጵያ ከሆነ ትርጉሙንና የአቻ ግምገማውን አስቀድመው ያስጀምሩ። ወረቀት ከአገር ቤት እስኪመጣ ወራት ሊወስድ ይችላል።

5. የራጁን ፈተና ቀድመው ይውሰዱ

ዳንብ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የጥርስ ረዳቶች ብሔራዊ ቦርድ ሲዲኤ የተባለውን የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፦ የጨረር ጤናና ደኅንነት፣ የኢንፌክሽን መከላከል እና ከወንበር አጠገብ የሚሰጥ እገዛ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመውሰድ የሥራ ልምድ አይጠየቅም። የጨረሩ ፈተና ብዙ ግዛቶች ለራጅ ፈቃድ የሚቀበሉት በመሆኑ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው፤ ገና ሥራ ሳይፈልጉ ይውሰዱት።

ሦስተኛው ክፍል ላይ መንገዱ ይለያያል። ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የተመረቀ ሰው ወዲያው ይፈተናል። ሌላው ሰው 3,500 ሰዓት የሥራ ልምድ ሊኖረው ይገባል፤ በሳምንት 35 ሰዓት ለሚሠራ ይህ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሰዓቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝግበው ይያዙ፤ ክሊኒክ ሲቀይሩም ከቀድሞው ሐኪም ማረጋገጫ በፊርማ ይቀበሉ። ሐኪሙ ጡረታ ወጥቶ ክሊኒኩ ከተሸጠ በኋላ ማስረጃ ፍለጋ መዞር አድካሚ ነው።

በኢትዮጵያ የጥርስ ሐኪም ለነበሩ ሰዎች የተለየ በር አለ። ዳንብ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ በጥርስ ሕክምና የተመረቀ ሰው 3,500 ሰዓቱን ሳይጠብቅ ለሲዲኤ እንዲፈተን ይፈቅዳል። አገር ቤት በስሙ ክሊኒክ የነበረው ሐኪም እዚህ ምራቅ እየሳበ መቀመጡ ልብ እንደሚያደማ አውቃለሁ። ሆኖም ወደ ሐኪምነት ለመመለስ የሚጠየቀው ብሔራዊ ፈተናና ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሚፈጀው ተጨማሪ ትምህርት ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ ትምህርት ቤቶቹም ሲቀበሉ የአሜሪካ ክሊኒክ ልምድና ከሐኪም የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ረዳትነቱ ሁለቱንም ይሰጣል።

ለሁሉም የሚሠራ ማሳሰቢያ፦ ሲዲኤ በየዓመቱ ይታደሳል። 12 ሰዓት ተከታታይ ትምህርትና ጊዜው ያላለፈ የሲፒአር (ልቡና ትንፋሹ ለቆመ ሰው የሚሰጥ የድንገተኛ እርዳታ) ካርድ ያስፈልጋል።

6. ለቃለ መጠይቁ ይዘጋጁ

እዚህ ላይ ከውጭ የመጣውን ሰው የሚያሰናክለው የጥርስ ቁጥር ነው። አብዛኛው ዓለም አፍን በአራት ከፍሎ በሁለት አኃዝ ይቆጥራል፤ የላይኛው ቀኝ የፊት ጥርስ 11 ነው። አሜሪካ ግን ከላይኛው ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ 1 ብላ ጀምራ፣ ዙሪያውን ሄዳ፣ በታችኛው ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ 32 ላይ ትጨርሳለች። በዚህ አቆጣጠር ያው የፊት ጥርስ 8 ነው። የሕፃናት ጥርስ ደግሞ በቁጥር ሳይሆን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጠራል። ሐኪሙ «11ን አዘጋጂ» ሲል አሜሪካ ውስጥ የሚፈልገው የላይኛውን ግራ የውሻ ክራንቻ ነው። ይህን እስኪያነበንቡት ድረስ ይለማመዱ። ከሶፍትዌር ዴንትሪክስ፣ ኢግልሶፍት ወይም ኦፕን ዴንታል ከሚባሉት ቢያንስ አንዱን ማወቅ ይረዳል።

ብዙ ክሊኒኮች ለሙከራ አንድ ቀን አብረው እንዲሠሩ ይጠይቃሉ። ቆሞ ማየት አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛ ላይ እየሠሩ መዋል ሌላ። ሁለተኛው ሥራ ነውና ሊከፈልዎ ይገባል። ከቀኑ በፊት በትሕትና «የሙከራው ቀን በሰዓት ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

አማርኛዎን በሬዙሜው ላይ ከላይ ይጻፉት። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021፣ ሜሪላንድ ከጥር 2023 ጀምሮ ሜዲኬይድ የተባለው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን ለአዋቂዎች የጥርስ ሕክምና እንዲሸፍን አድርገዋል። ቀድሞ ጥርሳቸውን ሲያማቸው ድንገተኛ ክፍል ይሄዱ የነበሩ እናቶችና አባቶች ዛሬ ወደ ክሊኒክ ይመጣሉ። ዲሲም በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች ተርታ አስገብቶታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድርያ ያለ ክሊኒክ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን እናት «እማማ፣ አይነቀልም፤ ሥሩ ተጠርጎ ጥርሱ ይተርፋል» ብሎ የሚያረጋጋ ሰው ሲያገኝ፣ ሕክምናውን ፈርተው ተነሥተው የሚሄዱት ይቀንሳሉ። ይህ ለክሊኒኩ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ክፍያ ሲደራደሩ እንደ ችሎታ ቆጥረው ያንሡት። እንደ ውለታ በነፃ አይስጡት።

7. የቀረበልዎን ክፍያ ይመርምሩ

የሰዓቱን ዋጋ ብቻ አይመልከቱ። በሳምንት ስንት ሰዓት ዋስትና እንዳለው፣ የጤና መድን መኖሩን፣ ክሊኒኩ ሲዘጋ የሚከፈል ዕረፍት መኖሩን፣ የፈተናና የፈቃድ እድሳት ወጪ በማን እንደሚሸፈን በጽሑፍ ይጠይቁ። በሰዓት 24 ዶላር ለ32 ሰዓት ያለ መድን ከሚከፍል ቦታ ይልቅ፣ 22 ዶላር ለ40 ሰዓት ከመድን ጋር የሚሰጠው ለቤተሰብ ኃላፊ ይሻላል፦ የመጀመሪያው በዓመት 39,936 ዶላር ነው፣ ሁለተኛው 45,760።

በቋሚነት፣ በክሊኒኩ ሰዓትና በሐኪሙ ትእዛዝ የሚሠራ ረዳት ተቀጣሪ ነው። «በ1099 እንክፈልሽ»፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ሰው በግብር ቅጹ እንመዝግብሽ የሚል አሠሪ የራሱን ግብር በእርስዎ ላይ እየጫነ ነው፤ የሥራ አጥነት መድንም የትርፍ ሰዓት ክፍያም አብሮ ይቀራል። በፌዴራል ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠሩት በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ሥራው በተመደበልዎ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ በአሠሪው ወጪ ሊቀርብልዎ ይገባል፤ ጓንት፣ ጭንብልና የዓይን መከላከያም እንዲሁ።

8. በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ መንገድ ይምረጡ

3,500 ሰዓቱ ሲሞላ ቁጭ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የሚቀርበው አማራጭ ሲዲኤውን ወስዶ ወደ ተስፋፋ ተግባር ማደግ ነው። ሌላው ልዩ ክሊኒክ መግባት ነው፦ የአፍ ቀዶ ሕክምና ደም የማይፈራና የተረጋጋ ሰው ይፈልጋል፤ የጥርስ ማስተካከል ክሊኒክ ለወገብ ቀለል ይላል፤ የሕፃናት ክሊኒክ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወንበሩ የሰለቸው ደግሞ ወደ ፊት ጠረጴዛ ሄዶ የኢንሹራንስ ጉዳይን ይማራል፤ የክሊኒክ ሥራ አስኪያጆች በብዛት የሚወጡት ከዚያ ነው።

ትልቁ ዝላይ ወደ ዴንታል ሃይጂኒስትነት፣ ማለትም የበሽተኛን ጥርስ ወደሚያጸዳ ባለፈቃድ ባለሙያነት ነው። በዚያው በግንቦት 2023 አኃዝ የሃይጂኒስቶች መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 87,530 ዶላር ነበር፤ የረዳቱን እጥፍ ሊያህል ምንም አልቀረው። ልዩነቱ ዲግሪና ፈቃድ ነው። ለምሳሌ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በስፕሪንግፊልድ የሕክምና ካምፓሱ ያስተምረዋል። ፕሮግራሙ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት የሚወሰዱ ኮርሶች አሉት፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሙሉ ቀን መሥራት አይታሰብም። ብዙ ጎበዝ ረዳቶች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው፤ ልጅ አለ፣ ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ።

ስለዚህ ረዳት ሆነው እየሠሩ ቅድመ ኮርሶቹን በማታና በኢንተርኔት አንድ በአንድ ያስቆጥሩ፦ አናቶሚ፣ እንግሊዝኛና ፕሮግራሙ የሚጠይቃቸውን ሌሎቹን። ውጤቱ ለመግቢያ ስለሚወዳደር ሁለት ኮርስ በአንድ ጊዜ ወስዶ ከማጨማለቅ አንዱን በጥሩ ውጤት መጨረስ ይበልጣል። ዓርብ ዝግ የሆነው ክሊኒክ፣ ከላይ በሒሳቡ ላይ ኪሳራ የመሰለው፣ ለዚህ ጊዜ ይመቻል። ከማመልከቻው ቀን አንድ ዓመት በፊት የፕሮግራሙን አማካሪ ቀጠሮ ይያዙ፤ የትኛው የሳይንስ ኮርስ ስንት ዓመት ካለፈው እንደማይቆጠር፣ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ውጤትዎስ ምን ያህሉ እንደሚያዝልዎ ጠይቀው በኢሜይል መልሱን ይቀበሉ።